ምዕራፍ ሰባት፦ ያለ ምስክር ፍርድ የለም

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚጓዝ መንገደኛ የገብሱንና የባቄላውን ደጋ ጨርሶ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ምድር በድንገት ከፊቱ የተቆረጠች ይመስለዋል፤ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው አገር በዚያ ላይ አብቅቶ ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳልና፣ መንገዱም ጣልያን በወረራው ዘመን በተራራው ሆድ የቀደደውን ዋሻ አልፎ እየተጠማዘዘ ቍልቍል ይሄዳል። ጉም ከቆላው ተነሥቶ በሩን በሸፈነው ጊዜ፣ ልምድ ያለው ሾፌር መብራቱን አብርቶ፣ ጡሩምባውን እየነፋ፣ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ አንድ በአንድ እየተከተለ ያልፋል እንጂ፣ ያላየውን በግምት ሞልቶ አይሮጥም። ኮምፒዩተሩ በድንገት እየቆመ ያስቸገረው ሰውም በእንዲህ ያለ ጉም ውስጥ ያለ ነውና፣ ይህ ምዕራፍ የሚያስተምረው የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ እንዴት መፈለግ እንደሚገባ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፣ በዚሁ በጣርማ በር መንገድ ዳር ማመልከቻ የሚጻፍበት፣ ፎቶ ኮፒ የሚነሣበት፣ የተማሪዎች ፎርም የሚሞላበት አንድ ትንሽ የጽሕፈት ቤት አለ እንበል። የባለቤቲቱ ኮምፒዩተር ቀን ሙሉ ሲሠራ ውሎ፣ ጉሙ ሲወርድና ሲመሽ ድንገት ይጠፋል፤ የተጀመረውም ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። ጎረቤት «የጉሙ እርጥበት ገብቶበት ነው» ይላል፤ ዘመድ «ቫይረስ ነው» ይላል፤ ጠጋኙ ደግሞ ገና መሣሪያውን ሳይከፍት «እትዬ፣ ፎርማት ይደረግልዎትና ይገላገሉ» ብሎ ይመክራቸዋል። ፎርማት ይደረጋል፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ደብዳቤ ይጠፋል፤ በሳምንቱ ጉሙ ሲወርድ ኮምፒዩተሩ እንደ ቀድሞው ይጠፋል። ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሴትዮዋ ገንዘባቸውንም መዝገባቸውንም ተስፋቸውንም ቢያጡ፣ ጥፋቱ ከጠጋኙ እጅ ማነስ ሳይሆን ከምርመራው አለመኖር የመጣ ነው።

በጥንት ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያወሳሉ። ዕቃ በጠፋ ጊዜ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና፣ ራሱን ስቶ በየመንደሩ እየተንገዳገደ ሲሄድ ከአንዱ ደጅ ቢወድቅ፣ የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በአንጻሩ ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበረ፤ ወንጀሉን የሠራው ሰው ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ በዚያች ሌሊት የት እንደ ነበረ፣ ምን እንዳየና ምን እንደ ሰማ እየተጠየቀ፣ ከብዙዎች ጥቂት ጥቂት ቃል እውነቱ ይጣራ ነበር። ያለ ምርመራ ፎርማት ማድረግ ከሌባ ሻይ ወገን ነው፤ የምርመራ መረጃ ማሰባሰብ ግን የአውጫጭኝ ወገን ነው። በዚህ ላይ ፎርማት የባሰ አንድ ክፋት አለው፤ ሌባ ሻይ ንጹሑን ሰው ሲይዝ ምስክሮቹን አይገድልም ነበር፣ ፎርማት ግን ምስክሮቹን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋል።

የሚሞተው መሣሪያ ምን ብሎ ይናዘዛል?

አንባቢ ሆይ፣ ኮምፒዩተር ሲቆም ዝም ብሎ የሚቆም እንዳይመስልህ። ዊንዶውስ የሚባለው ሥርዓት በውስጡ የማይታረም ስሕተት ባገኘ ጊዜ፣ ከዚያ ወዲያ ቢሠራ የተጻፈውን መረጃ እንዳያበላሽ ፈርቶ፣ ሥራውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አቁሞ ያን ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሰማያዊ ገጽ ያሳያል፤ በቅርብ በወጡት የዊንዶውስ 11 እትሞች ደግሞ ገጹ ጥቁር ሆኗል። በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት የፋይል አጻጻፍ ሥርዓቱን እንኳ አያምነውምና፣ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ የነበረውን ነገር በሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀድሞ ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ ያፈስሰዋል፤ መሣሪያው ዳግመኛ ሲነሣ ይህ የፈሰሰው ተሰብስቦ አንድ ፋይል ይሆናል። ትንሹ ፋይል ሚኒዳምፕ ይባላል፤ በሲ ድራይቭ ላይ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ፣ ሚኒዳምፕ በተባለው ፎልደር ይቀመጣል። ባለሙያ ዊንዲቢጂ በተባለው መመርመሪያ ሲከፍተው፣ መሣሪያው በቆመባት ቅጽበት የትኛው ድራይቨር፣ ማለትም የትኛው የመሣሪያ ብልት አንቀሳቃሽ ፕሮግራም፣ ሥራ ላይ እንደ ነበረና የትኛው ትእዛዝ እንደ ከሸፈ ያነብበታል።

ከዚህ ሌላ የዘወትር መዝገብ አለ። የኢትዮጵያ ነገሥታት፣ ከእነርሱም መካከል ዳግማዊ ምኒልክ፣ ዜና መዋዕላቸውን የሚጽፍ ጸሐፊ እንደ ነበራቸው፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የምኒልክን ታሪክ ጽፎ እንዳስቀረልን የታወቀ ነው። ኮምፒዩተርም እንዲህ ያለ ዜና መዋዕል አለው፤ በዊንዶውስ ውስጥ ኢቨንት ቪውወር በሚባለው መስኮት ይነበባል። መቼ እንደ ተነሣ፣ መቼ እንደ ተዘጋ፣ የትኛው አገልግሎት እንደ ከሸፈ፣ የትኛው ዲስክ እንደ ቃተተ፣ ሁሉም በየሰዓቱና በየደቂቃው ተጽፎ ይገኛል። ይህን መዝገብ ማንበብ የከበደው ሰው ሪላያቢሊቲ ሞኒተር የተባለውን ይክፈት፤ እርሱ የየቀኑን ነገር በቀላል ሥዕል አሰናድቶ፣ ስሕተት በደረሰበት ቀን ላይ ቀይ ምልክት አኑሮ ያሳያል።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቍጥር አለ፤ እርሱም 41 ነው። መሣሪያው በወጉ ሳይዘጋ የጠፋ እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው መነሣቱ ይህን ቍጥር ይጽፋል። በዝርዝሩ ውስጥ የስሕተት መለያ ቍጥር ከተመዘገበ፣ ሥርዓቱ ስሕተት አግኝቶ ራሱን እንዳቆመ ያመለክታል። መለያው ዜሮ ከሆነ ግን፣ መሣሪያው ለመናዘዝ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ ወይ ኤሌክትሪኩ ተቋርጦበታል፣ ወይም ፈጽሞ ደርቆ ሳለ ሰው በእጁ አጥፍቶታል። ዝምታም በስፍራው ምስክር መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ስለ ነገሩ ስምና ስለ ሰዓቱ

በአማርኛችን «ኮምፒዩተሬ ተበላሸ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ የተለያየ ሕመም ይሸፍናል። ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ መቆም አንድ ነው፤ ምስሉ እንዳለ ሆኖ ስታክ ማድረግ ሌላ ነው፤ ብልጭ ሳይል እንደ ተነፋ ሻማ መጥፋት ሌላ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲሠራ አንድ ፕሮግራም ብቻ መዘጋቱ ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው አልነሣም ማለቱም ሌላ ነው። ሰማያዊው ገጽ ብዙውን ጊዜ ወደ ድራይቨር፣ ወደ ማኅደረ ትውስታ ወይም ወደ ዲስክ ያመለክታል፤ እንደ ሻማ መጥፋት ወደ ኤሌክትሪክና ወደ ሙቀት ያመለክታል፤ አንድ ፕሮግራም ብቻ ቢዘጋ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው ፕሮግራም ነው። ስለዚህ እርዳታ ፈላጊው አስቀድሞ የሕመሙን ዓይነት ለይቶ ይናገር።

ሰማያዊው ገጽ በታየ ጊዜም በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የስሕተት ስምና ቍጥር ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣልና። ለምሳሌ 124 የተባለው ቍጥር የማይታረም የሃርድዌር ስሕተት መድረሱን ስለሚናገር፣ ይህን ያነበበ ሰው ፎርማት ከማድረጉ በፊት ሙቀቱን፣ ኤሌክትሪኩንና የመሣሪያውን ብልቶች ይመረምራል። ዊንዶውስ ማስተካከያው ካልተለወጠ በቀር ገጹን አሳይቶ ወዲያው ራሱን አስነሥቶ ይሄዳል፤ በሥርዓቱ ማስተካከያ ውስጥ ይህን ራስ በራስ መነሣት ማጥፋት ይቻላልና፣ ሕመሙ የሚደጋገምበት ሰው ያጥፋው።

ስለ ሰዓት የምንናገረው በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተገባ ነው። መሣሪያው 18፡20 ብሎ የጻፈውን እኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ20 እንለዋለን፤ እኛ ጥር 11 ያልነውን ቀን እርሱ ብዙውን ጊዜ ጃኑዋሪ 19 ይለዋል። እርዳታ ፈላጊው «በ11ኛው ቀን በ12 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ፣ ባለሙያው በሌላ ቀንና በእኩለ ቀን የተጻፈውን እያገላበጠ ይደክማል። ከዚህም ሌላ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሰዓቱን የምትጠብቀው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ካለቀች፣ መብራት በተቋረጠ ቍጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ መዝገቡ ሁሉ የሐሰት ቀን ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርመራ ሥራ የመሣሪያውን ሰዓት ከእጅ ሰዓት ጋር ማስተያየት ነው።

ሰዓት መጻፍ በዚህ ሙያ የቆየ ሥርዓት ነው። በአሜሪካ አገር ሃርቫርድ ማርክ 2 በተባለው ታላቅ የስሌት መሣሪያ ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች፣ እንደ እኛ አቈጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 1939 ዓ.ም.፣ እንደ እነርሱ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947፣ መሣሪያው ተሳስቶባቸው ሲመረምሩ፣ ኤፍ በተባለው ሰሌዳ ላይ፣ ቍጥሩ 70 በሆነው ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ገብታ አገኙ። ራቲቱን አልጣሏትም፤ በመዝገቡ ላይ ሰዓቱን 15፡45፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ብለው ጽፈው፣ ስፍራውንም ጠቅሰው፣ እርስዋንም በሙጫ ወረቀት አጣበቁአት፤ መዝገቡ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል። ሰዓት፣ ስፍራና ማስረጃ፣ ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ!

ማስረጃ ንጹሑን እንዴት ያድናል?

የማስረጃ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ሀገራችን በመሪር ኀዘን ተምራዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ የበረራ ቍጥር 302፣ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ይህን የሚያህል ኀዘን ከአንድ የጽሕፈት ቤት መሣሪያ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ ነገር ግን የእውነት ሥርዓት በታላቁም በታናሹም አንድ ነውና ልናስበው ይገባል። ከስብርባሪው መካከል የበረራው መቅረጫዎች ተፈልገው ተገኙ፤ ወደ ፈረንሳይ የአቪዬሽን አደጋ መርማሪ ቢሮ ተልከው ተነበቡ። መጋቢት 26 ቀን የወጣው የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጀመሪያ ሪፖርት፣ በግራና በቀኝ ያሉት የአፍንጫውን አቅጣጫ የሚለኩ መሣሪያዎች እጅግ የተለያየ ቍጥር ማሳየታቸውን፣ በዚያም ምክንያት አንድ የሶፍትዌር ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መግፋቱን ገለጠ፤ አብራሪዎቹም አምራቹ ያዘዘውን ሥርዓት መፈጸማቸውን መሰከረ። መቅረጫዎቹ ባይገኙ ኖሮ፣ ራሳቸውን መከላከል በማይችሉት በሙታኑ አብራሪዎች ላይ ስንት ቃል በተነገረ ነበር! ማስረጃ በደለኛውን ብቻ አይገልጥም፤ ንጹሑንም ከፍርድ ያድናል።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ መሣሪያዎች በአንድ ቀን ሰማያዊ ገጽ አሳይተው ቆሙ፤ አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ታወኩ። ጠላት ገባ የሚል ወሬም ተነዛ። ነገር ግን የማኅደረ ትውስታው ፍሳሽ ሲነበብ፣ ምስክርነቱ ወደ አንድ ድራይቨር አመለከተ፤ እርሱም ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ድርጅት ያዘጋጀው ሶፍትዌር ነበረ፤ ምክንያቱም የዚያን ዕለት የተላከ አንድ የተሳሳተ ፋይል ሆነ። መድኃኒቱ ያን አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ነበርና፣ ምስክሩን ያነበበ መሣሪያውን ከነመዝገቡ አዳነ፤ ሳያነብ ፎርማት ያደረገ ግን በከንቱ ከሰረ።

ስለ ስፍራው ጠባይ

እንግዲህ ወደ ጣርማ በር እንመለስ፤ መርማሪ የስፍራውን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋልና። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ እንደ ልማዱ ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ልዩ ልዩ አምራቾች ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እስከ 3048 ሜትር ነው፤ የዲስኩ አንባቢ ራስ ከሚሽከረከረው ገጽ በላይ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ነውና፣ አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ገጹ እጅግ ይቀርባል። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ከዚህ ነጻ ነው። ደግሞም በጣርማ በር ብርድ ያደረ ላፕቶፕ 1300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ወዲያው ቢከፈት፣ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው አካሉ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ሙቀቱ እስኪስተካከል ሳይበራ ሊቆይ ይገባዋል። እነዚህ ሁሉ ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ተጠርጣሪ ግን ገና በደለኛ አይደለም።

ምስክሩም እንደሚከተለው ይጠየቃል። የማኅደረ ትውስታው ጤና በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የሜሞሪ መመርመሪያ፣ ወይም ሜምቴስት86 በተባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ይፈተናል፤ ሁለት ራም፣ ማለትም ሁለት የማኅደረ ትውስታ ሰሌዳ፣ ካለ አንድ አንዱን ለብቻው መፈተን የታመመውን ለይቶ ያወጣል። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚጽፈው ስማርት የተባለ መዝገብ አለው፤ በዚያ ላይ የተበላሹና የተተኩ ክፍሎች ቍጥር እየጨመረ ከሄደ፣ ሌላው ምርመራ ሁሉ ቆሞ በቅድሚያ ሰነዱ ይገልበጥ። የመሣሪያው ዓይነት፣ የዊንዶውሱ እትምና የድራይቨሮቹ ዝርዝር ሲስተም ኢንፎርሜሽን ከተባለው ስፍራ በአንድ ፋይል ተጠቃልሎ ይወጣል። ጠጋኝ መፍትሔ ሲሞክርም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው መሣሪያው ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም።

እርዳታ ስለሚጠየቅበት ሥርዓት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ኃጢአቱን ከፍሎ ለንስሐ አባቱ የሚናዘዝ ሰው ስርየቱን ራሱ እንደሚያጐድል፣ «ምንም አልነካሁም» ብሎ ለባለሙያ የሚናገር፣ ነገር ግን ትናንት አዲስ ራም የጨመረ ወይም ከማያውቀው ስፍራ ፕሮግራም የጫነ ሰው፣ ምርመራውን ከመነሻው ያሳስተዋል። ስለዚህ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደ ተለወጠ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚደጋገም፣ በዚያን ሰዓት ምን ይሠራ እንደ ነበረ፣ ከዚህ ቀደም ምን መፍትሔ እንደ ተሞከረ፣ ሁሉም ያለ ኀፍረት ይጻፍ። ከጽሑፉ ጋር የሰማያዊው ገጽ ፎቶግራፍ፣ የሚኒዳምፑ ፋይልና የመሣሪያው ዝርዝር ይያያዝ፤ ሚኒዳምፕ ትንሽ ፋይል ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ቢላክ ብዙ ወጪ የለበትም።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሉው የማኅደረ ትውስታ ፍሳሽ መሣሪያው በቆመባት ቅጽበት በውስጡ የነበረውን ሁሉ ይይዛልና፣ የይለፍ ቃልም የደንበኛ ማመልከቻም ሊገኝበት ይችላል። የሰው ምሥጢር በአደራ የያዘ ጸሐፊ ይህን ትልቁን ፋይል ለማያምነው ሰው አይስጥ፤ ለብዙው ምርመራ ትንሹ ሚኒዳምፕ ይበቃል። ፎርማት የማይቀር ቢሆን እንኳ፣ አስቀድሞ ሰነዶቹ፣ የኢቨንት ቪውወር መዝገብና የሚኒዳምፑ ፎልደር በፍላሽ ይገልበጡ።

የምሳሌአችን ሴትዮ ይህን ምክር ሰምተው በኮምፒዩተሩ አጠገብ አንድ ደብተር አኖሩ እንበል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ጻፉ፤ ሰዓቱ ሁልጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሰማያዊ ገጽ አንድ ጊዜም አልታየም፤ በሁለቱ ምሽቶች ጉም ጨርሶ አልነበረም፤ በአምስቱም ግን ከመጥፋቱ በፊት አምፖሉ ደብዝዞ ነበር። መዝገቡ ሲከፈት አምስት ጊዜ 41 ተጽፎ፣ መለያው አምስት ጊዜ ዜሮ ሆኖ ተገኘ፤ ሚኒዳምፕ ፎልደሩም ባዶ ነበር። በዚያች ሰዓት ጎረቤት የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጥዶ እንጀራ ይጋግራል፤ ምጣዱም ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ፣ በአንድ መስመር ያለው ቮልት ይወርዳል፤ ያረጀው የኮምፒዩተሩ ፓወር ሳፕላይ ይህን መውረድ አይችለውም። ጉሙና ምጣዱ በአንድ ሰዓት ስለሚመጡ ሰው ጉሙን ከሰሰ፤ ቫይረሱ ሦስት ጊዜ ያለ ኃጢአቱ ተፈረደበት።

ስለዚህ ቮልቱ ሲወርድ ከባትሪው የሚመግብ አንድ ዩፒኤስ ተገዝቶ በኮምፒዩተሩና በመስመሩ መካከል ገባ። ደብተሩ ግን አሁንም ከኪቦርዱ አጠገብ፣ ከእርሳሱ ጋር፣ በአዲስ ገጽ ላይ ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር ተጽፎ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል።